ፋይሉ በማን ስም ተከፈተ?

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳቸው ሦስት ጉዳዮች፣ ማለትም የሴቶች እኩልነት፣ የጠፈር ምርምርና የንግድ ሥራ አጀማመር፣ የማይገናኙ ይመስላሉ። እኛም አንድ ላይ እናነሳቸዋለን ብለን አስበን አልነበረም። ያገናኘችልን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሽቀሎን ከተማ አፍሪዳር ሰፈር፣ ከሰዓት ማማው ብዙም ሳይርቅ፣ የራሳቸውን ሥራ ለመጀመር ካሰቡ የማኅበረሰባችን እናቶች ጋር ለመወያየት ተሰብስበን ነበር። አንዷ እናት የዕብራይስጡን ወረቀት እንድታነብላቸው ልጃቸውን ይዘው መጥተዋል። ልጅቱ ግን የቤት ሥራ ነበረባት፤ ስለ አንዲት ጠፈርተኛ ጽፋ ማስረከብ ይጠበቅባታል። እናትየው «ልጄ፣ ጠፈሩ ይቆይና ማዓም ማለት ምን እንደሆነ ንገሪኝ» ሲሏት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጅቱ ቀና ብላ «እማዬ፣ እኮ ይቺም ሴትዮ የራሷን ድርጅት ከፍታለች» አለች።

እውነቷን ነው። የምትጽፈው ስለ ዶ/ር ሜይ ጄሚሰን ነበር። ዶ/ር ጄሚሰን በ1956 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አላባማ ተወልደው በቺካጎ ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። በ16 ዓመታቸው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የኬሚካል ምህንድስና ተማሩ፤ በ1981 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ ከዚያም በሴራሊዮንና በላይቤሪያ በሐኪምነት አገለገሉ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1987 መረጣቸው። በሴፕቴምበር 1992 «ኢንዴቨር» በተባለችው መንኮራኩር ተሳፍረው ወደ ጠፈር የወጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1993፣ ናሳን ለቀው በስማቸው የሚጠራ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ይኸኛው ነው። ስንት ሰው የሚመኘውን የመንግሥት ሥራ ትቶ በራስ ስም ፋይል መክፈት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ልጅቱ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ እንድታነብልን ጠየቅናት፤ ማዓሙም ለጊዜው ቆየ። ወደ ጠፈር የወጡት የመጀመሪያዋ ሴት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ለዚህ ያበቃቸው በትርፍ ጊዜያቸው በፓራሹት መዝለል መልመዳቸው ነው። በጁን 1963 መሬትን 48 ጊዜ ዞረው ተመለሱ። ሁለተኛዋ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ የወጡት ግን በ1982 ነው፤ በመካከሉ 19 ዓመት አለፈ። አንዲት ሴት ገባች ማለት በሩ ለሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም።

ከዚህ የበለጠ እናቶችን ያነጋገረው ግን የልብሱ ጉዳይ ነው። በማርች 2019 ሁለት ሴቶች ከጠፈር ጣቢያው አብረው ወጥተው እንዲሠሩ ታቅዶ ነበር። ለሁለቱም የሚስማማቸው መካከለኛ ልክ ሲሆን፣ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው የዚያ ልክ የላይኛው አካል ልብስ አንድ ብቻ ሆነ። በአንዷ ቦታ ወንድ ወጣ። ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሜይር የመጀመሪያውን የሴቶች ብቻ የጠፈር ጉዞ ያደረጉት በዚያው ዓመት በኦክቶበር 18 ነው። (የጄሲካ ሜይር አባት ባግዳድ ተወልደው እስራኤል ያደጉ መሆናቸውን ስንናገር አዳራሹ ውስጥ «የእኛው ናት በሉና!» ያለ አልጠፋም።) እዚህ ላይ የከለከላቸው ሕግ አልነበረም፤ ፈቃድም ሥልጠናም ነበራቸው። የጎደለው በልካቸው የተዘጋጀ ልብስ ነው።

በእኛም ዘንድ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ሕጉ አለ። የእስራኤል የሴቶች የእኩልነት መብት ሕግ የወጣው በ1951 ነው፤ ያገባች ሴት ልክ እንዳላገባች ሁሉ በራሷ ንብረት የማዘዝ መብት እንዳላት በግልጽ ይናገራል። በ1991 በ«ሰለሞን ዘመቻ» የመጡት ወላጆቻችን ግን ያደጉት በሌላ ሕግ ነው። የ1960ው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዝ ያዛል። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተለወጠው በ2000 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አብዛኞቻችን እዚህ ከገባን በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት እናት «ፊርማው የእሱ ነው» ሲሉ ከልማድ በተጨማሪ ተጽፎ የነበረ ሕግ ጭምር ይዘው ነው የመጡት።

ቢሆንም ንግድ ለሴቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ወንዶቹ በሽመናና በብረት ሥራ ሲተዳደሩ፣ በጎንደር አካባቢ በወለቃና በሌሎች መንደሮች ሸክላ የሚሠሩትና የሚሸጡት እናቶቻችን ነበሩ። ጭቃውን የሚያመጡ፣ የሚያቦኩ፣ የሚተኩሱ፣ ዋጋ የሚቆርጡ እነሱ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ ያ ሙያ ገበያ አጣና ብዙዎቹ ወደ ጽዳት ሥራ ገቡ። አፍሪዳር የሚለው ስም ራሱ «አፍሪካ» እና «ዳሮም» (ደቡብ) ከሚሉት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ሰፈሩን በ1950ዎቹ መቆርቆር የጀመሩት የደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ናቸው፤ በ1955 ከሚግዳል ጋር ተዋሕዶ አንድ ከተማ ሆነ። እኛም ከአፍሪካ ነው የመጣነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ እናቶቻችን የአፍሪዳርን ቪላዎች የሚያውቋቸው በስፖንጃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሥራችን ደጋግመን ከሚያጋጥሙን ታሪኮች አንዱን እንጥቀስ። አንዲት እህታችን ከባለቤቷ ጋር እንጀራና ዳቦ ጋግረው ለሱቆች ያከፋፍላሉ። ሌሊት ተነስታ ሊጡን የምታቦካ፣ የምትጋግር፣ ሒሳቡን የምትይዝ እሷ ናት፤ እሱ መኪናውን ይነዳል፣ ያደርሳል። ፋይሉ የተከፈተው በእሱ ስም ብቻ ነው። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ቢሮ የሄደው እሱ ስለሆነ ነው። ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ የወሊድ ክፍያ (ድሜ ሌዳ) ጠየቀች። መልሱ «በመዝገባችን አንቺ አኬሬት ባይት ነሽ» የሚል ሆነ፤ የቤት እመቤት ማለት ነው። ለዓመታት የሠራችው ሥራ በቢቱዋህ ለኡሚ (በብሔራዊ ኢንሹራንስ) ዓይን አልተሠራም። መጋገሪያው እጇን አቃጥሏት ቢሆን ኖሮም የሥራ ላይ አደጋ ክፍያ ባላገኘች ነበር።

እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ያገባችና በሥራ ያልተመዘገበች ሴት ለቢቱዋህ ለኡሚ እንድትከፍል አትገደድም። ይህ ሲሰሙት ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ያልከፈለ በእነዚህ ክፍያዎች አይሸፈንም። ለ15 ሳምንት ሙሉ የወሊድ ክፍያ ለማግኘት ከወሊድ በፊት ሥራ ከቆመበት ቀን ወደኋላ ከ14 ወር ውስጥ ለ10 ወር፣ ወይም ከ22 ወር ውስጥ ለ15 ወር የተከፈለ መሆን አለበት። ካረገዙ በኋላ ተሯሩጦ ፋይል መክፈት ብዙ ጊዜ አያደርስም።

መፍትሔው ባልን ከሥራው ማስወጣት አይደለም። ባልና ሚስት በአንድ ሥራ አብረው የሚሠሩ ከሆነ ሁለቱም እንደሚሠሩ ለቢቱዋህ ለኡሚ ማስታወቅና ገቢውን ከፍሎ እያንዳንዳቸው በየስማቸው መመዝገብ ይቻላል። አንዳንድ ወንድሞቻችን «ከእኔና ከእሷ ምን የሚከፈል ነገር አለ፣ ቤታችን አንድ ነው» ይሉናል። ቤቱ አንድ ነው፤ በቢቱዋህ ለኡሚ መዝገብ ግን ሁለት መታወቂያ ቁጥር ነው ያለው።

በራሷ ስም የምትከፍት ሴት በሦስት ቦታ መመዝገብ አለባት፦ በማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ)፣ በማስ ሃክናሳ (የገቢ ግብር) እና በቢቱዋህ ለኡሚ። ትንሽ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው «ኦሴክ ፓቱር» ሆኖ ነው። ለዚህ የዓመት ሽያጭ ጣሪያ አለው፤ በ2024 ለምሳሌ 120,000 ሼቄል ነበር። ሽያጩ ከጣሪያው ካለፈ «ኦሴክ ሙርሼ» መሆን ግድ ነው፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነውን ማዓም ከደንበኛ ሰብስባ ለመንግሥት ታስገባለች፤ ለሥራዋ ስትገዛ የከፈለችውን ደግሞ ታቀናንሳለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ፓቱር» የሚለው ቃል ነፃ ማለት ስለሆነ ከሁሉም ነገር ነፃ የሆንን ይመስለናል። ነፃነቱ ከማዓም ብቻ ነው። የገቢ ግብርና የቢቱዋህ ለኡሚ ግዴታ እንዳለ ነው፤ የዓመቱን ሽያጭም እስከ ጃንዋሪ 31 ለማዓም ማስታወቅ ያስፈልጋል። ይህን ባለማወቅ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ዕዳና ቅጣት በፖስታ የመጣባቸው አሉ፤ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ያኖሩም አይተናል።

ሁለተኛው ወጥመድ ስውር ነው። ቢቱዋህ ለኡሚ አንድን ሰው በሙሉ መብት «ራሱን ችሎ የሚሠራ» ብሎ የሚቆጥረው ከሦስቱ አንዱን ካሟላ ነው፦ ቢያንስ በሳምንት 20 ሰዓት ከሠራ፣ ወይም ቢያንስ 12 ሰዓት ሠርቶ ገቢው ከአማካይ ደመወዝ 15 በመቶ ካላነሰ፣ ወይም ሰዓቱ ምንም ይሁን ገቢው ከአማካይ ደመወዝ ግማሽ ካላነሰ። ከዚህ በታች ከሆነ ፋይል ቢኖርም ለወሊድና ለሥራ አደጋ ሽፋን የለም። ሹሩባ የምትሠራ ወይም ቀሚስ የምትሰፋ እህት ቅጹ ላይ «ትንሽ ነው የምሠራው» ብላ በትሕትና አምስት ሰዓት ከጻፈች በራሷ ላይ ጻፈች ማለት ነው። ማጋነን አይገባም፤ ነገር ግን መቁረጡን፣ መስፋቱን፣ ጨርቅ መግዛቱን፣ ማድረሱን ሁሉ በሐቅ ትቁጠር። ራሱን ችሎ ለሚሠራ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ እንደሌለም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሥራው ምግብን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ዕቃ ከመግዛት በፊት ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ጤና ጥበቃ መስፈርት በማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ ይሻላል፤ መጀመሪያ ምጣድ ገዝቶ ኋላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ገንዘቡን ያስራል።

የመነሻ ገንዘብን በተመለከተ ማኅበረሰባችን እቁብን ያውቃል፤ እዚህ አገርም አልተውነውም። እቁብ ጥሩ ነው፣ ዋስትናውም መተማመን ነው። ከእቁብ ጋር የሚቀራረብ ሌላ መንገድም አለ። በ1990 በኢየሩሳሌም የተቋቋመው የእስራኤል ከወለድ ነፃ ብድር ማኅበር ያለ ወለድ ያበድራል፤ የሚጠይቀው ዋስ (አሬቭ) ነው። መሥራቹ ኤልኤዘር ያፌ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ሥራ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ ማኅበሩን ሲጀምሩም ያሰቡት ከሶቪየት ኅብረትና ከኢትዮጵያ ለሚመጡ አዲስ ገቢዎች ነው። የሙያ ባልደረባችን በመሆናቸው ትንሽ ብንኮራ አይፈረድብንም። የኢኮኖሚ ሚኒስቴር «ማዖፍ» የተባሉ ማዕከላት ደግሞ ለአነስተኛ ንግዶች ምክርና ሥልጠና ይሰጣሉ። ዋስ ስለመሆን ግን አንድ ቃል፦ «ፈርሚ ብሎኝ ፈረምኩ» የሚለው ነገር ባንክ ዘንድ መልስ አይሆንም። ያልገባሽን አትፈርሚ፤ ወረቀቱን ወደ ቤት ወስደሽ አስነብቢ።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናት «ከተመዘገብን ግብር እንጂ ምን እናገኛለን?» ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ሮኬት በአሽቀሎን ላይ ሲዘንብ ብዙ ሱቆች ተዘጉ። መንግሥት ካሳ ሲያስብ ያየው የተመዘገበውን ሽያጭ ነው። ከዚያ በፊት በ2020 በኮሮና ጊዜም እንዲሁ ነበር። በጓዳ የሠሩት ያጡት ገቢ ከጎረቤቱ ባያንስም የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም።

ወደ መጨረሻ አካባቢ ልጅቱ አንድ ነገር አከለችልን። የእስራኤል «ኦፌክ» ሳተላይቶች የሚወነጨፉት ከእኛ በስተሰሜን በባሕሩ ዳርቻ ካለው ከፓልማኺም ነው፤ የመጀመሪያዋ በ1988 ወጣች። መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ሌሎች አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ተኩሰው ከሽክርክሪቷ ፍጥነት ያገኛሉ። እስራኤል ግን ሮኬቱ በጎረቤት አገሮች ላይ እንዳያልፍ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ትተኩሳለች፤ በዚህም ፍጥነት ታጣለች፣ ሳተላይቷም ቀለል ያለች መሆን አለባት። እናትየው ሰምተው «ታዲያ ትደርሳለች?» አሉ። «ትደርሳለች፤ ነዳጅ ነው የሚበዛባት» አለቻቸው።

ከዚያ ወደ ማዓሙ ተመለስን። ቅጹ ቁጥር 821 ይባላል፤ ለመመዝገብም ገንዘብ አይከፈልም። ልጅቱ ደብተሯን ዘግታ እስክሪብቶዋን ያዘችና «እማዬ፣ ስም የሚለው ላይ የአባዬን ነው የምጽፈው?» ብላ ጠየቀች። እናትየው መታወቂያቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ፊቷ አስቀመጡላት።