ዓሣ የሚሸታት ነፍሳት

ኮልፌ ቀራንዮን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ከድልድይ ላይ ሲታይ ጥቁር ውሃና ፌስታል ብቻ ይመስላል። ከጭቃው ጥቂት ዘግኖ ለተመለከተ ግን ቀጫጭን ቀይ ትሎች ይርመሰመሱበታል። የማትናደፍ የቢምቢ ዘመድ እጮች ናቸው። ያቀላቸው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥ የሚያኖራቸውም እሱ ነው።

ሜይፍላይ የተባለችው ነፍሳት ግን በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ውሃ አትችልም። እጯ ንጹህና ፈጣን ጅረት ትፈልጋለች፤ ስንጥቦቿ ከሆዷ ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲርገበገቡ በዓይን ይታያሉ። የምትበላው ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ ነው። ችግሩ፣ አልጌው የሚለመልመው ፀሐይ በሚያገኘው በድንጋዩ አናት ላይ ነው፤ ዓሣም አሻግሮ የሚያየው እዚያው ነው። ስለዚህ ዓሣ ባለበት ጅረት እጯ ቀኑን ከድንጋይ ሥር ታሳልፋለች። ሲመሽ ወጥታ ትግጣለች፤ ግጦሹ ሲያልቅባት ራሷን ለውሃው ለቃ ሌላ ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ተመራማሪው አሌክሳንደር ፍሌከር በቬንዙዌላ አንዲስ ተራሮች አጥንቶ በ1992 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ዓሣ በሌለባቸው ጅረቶች ይህ ጉዞ ሌት ከቀን አይለይም፤ ዓሣ በበዛባቸው ግን በአብዛኛው የሌሊት ነው።

ጨለማውም ቢሆን ሰላም የለውም። ስቶንፍላይ የተባለች ሌላ ነፍሳት ሌሊት ድንጋይ ለድንጋይ እየዳሰሰች ታድናለች።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የዓሣው ሽታ ነው። ባርባራ ፔካርስኪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዓሣ በሌለባቸው ጅረቶች ውስጥ ትራውት የተባለው ዓሣ የነበረበትን ውሃ ብቻ ጨመሩ። አንድም እጭ የሚበላ ዓሣ አልገባም። እጮቹ ግን ቶሎ ጎረመሱ፤ ክንፍ አውጥተው የወጡትም አካላቸው አንሶ ነው። ትንሽ እናት ደግሞ የምትጥለው እንቁላል ጥቂት ነው። ዓሣው ሳይነክስ ዘር አሳነሰ ማለት ነው። ትራውት ከውጭ በገባባት ኒውዚላንድ ደግሞ ነፍሳቱ ከግጦሽ ሲሸሹ ድንጋዮቹ ላይ አልጌው ወፈረ።

ትራውት እኛም ጋ አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በመሰል ቀዝቃዛ ወንዞች ተለቋል። ነፍሳቱ ይፈሩት እንደሆነ ለማየት ብዙ መሣሪያ አያሻም። ዓይነ ጠባብ መረብ ከጅረቱ ፊት ለፊት ተገትሮ፣ በቀንና በሌሊት የገቡት እጮች ለየብቻ ይቆጠራሉ።