የሕፃኑ ጆሮ በማሕፀን ውስጥ

በአረርቲ ከተማም ሆነ በምንጃርና ሸንኮራ የገጠር ቀበሌዎች፣ ሕፃን ሲወለድ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ የሚያየው መልኩን፣ እጅና እግሩን ነው። ጆሮው አንሶ ወይም ተጣምሞ ከተገኘ ግን በአንዳንድ ቤት «በእርግዝናዋ ጊዜ ምን አይታ ይሆን?» የሚለው ሐሜት በእናቲቱ ላይ ይወድቃል። ሕፃኑም ከሰው ዓይን እንዲሰወር ይደረጋል። ይህ ወሬ እናትን ከማሳዘኑም በላይ ልጁን ከሕክምና ያዘገያል። ስለዚህ ጆሮ በማሕፀን ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ይጠቅማል።

ጆሮ መፈጠር የሚጀምረው ፅንሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያለው ስስ ሽፋን ወፈር ይልና ወደ ውስጥ ጎድጉዶ እንደ ትንሽ ከረጢት ይዘጋል። የውስጥ ጆሮ የሚገኘው ከዚህች ከረጢት ነው። ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብለውና እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘው ክፍል በሦስተኛው ወር ሁለት ተኩል ዙሩን ይይዛል። መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የሚባሉት የመካከለኛው ጆሮ ሦስት ትንንሽ አጥንቶችም በየተራ ቅርጽ ያገኛሉ። በውጭ የሚታየው ጆሮ ደግሞ ከስድስት ትንንሽ እብጠቶች ተገጣጥሞ ይሠራል። መጀመሪያ በአንገት አካባቢ ሆኖ፣ መንጋጋ ሲያድግ ወደ ላይ ይወጣል። በስድስተኛው ወር ገደማ ፅንሱ ድምፅ መስማት ይጀምራል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሥራው ሲጀመር አብዛኞቹ እናቶች ማርገዛቸውን ገና በቅጡ አለማወቃቸው ነው።

እብጠቶቹ በደንብ ሳይጋጠሙ ሲቀሩ ጆሮው ያንሳል ወይም ጨርሶ አይኖርም፤ ቀዳዳውም ሊደፈን ይችላል። እንዲህ ባለው ልጅ ላይ ብዙውን ጊዜ የውስጥ ጆሮው ደህና ስለሆነ፣ ድምፅን በአጥንት በኩል የሚያደርስ መሣሪያ ይረዳዋል። ቅርጹንም ልጁ ካደገ በኋላ ከጎድን በሚወሰድ ለስላሳ አጥንት መሥራት ይቻላል። በአንጻሩ የውስጥ ጆሮው የተጎዳ ሕፃን ውጪው ያማረ ሆኖ ሳለ ላይሰማ ይችላል። ይህኛው ችግር ለዓይን ስለማይታይ ይበልጥ ያሳስባል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በዘር የሚወረሰው ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል፤ የሥጋ ዘመዳሞች ጋብቻም አደጋውን ይጨምራል። የአውስትራሊያው ሐኪም ኖርማን ግሬግ እ.ኤ.አ. በ1941 ሩቤላ የተባለው በሽታ በእርግዝና ጊዜ ሲይዝ የሕፃኑን ዓይን እንደሚጎዳ አሳወቁ፤ ቀጥሎም ጆሮን እንደሚያደነቁር ተረጋገጠ። ያልታከመ ቂጥኝ፣ አልኮል፣ እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም ጉዳት ያደርሳሉ። ለእንቅርት የሚዳርገው የአዮዲን እጥረትም ሲጠና ፅንሱን ደንቆሮ ሊያደርግ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወር አበባ እንደቀረ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። «የጤፉ አጨዳ ይለፍ» እያሉ ማቆየት አይበጅም። የቂጥኝ ምርመራ ማድረግ፣ አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አለመውሰድ፣ በሐኪም የታዘዘውንም ሳያማክሩ አለማቋረጥ ያስፈልጋል። ባልም የሚስቱን ሥራ በማገዝ ጊዜ ሊሰጣት ይገባል።

ሕፃኑ በድንገተኛ ድምፅ የማይደነግጥ፣ በስድስት ወሩ ወደ እናቱ ድምፅ የማይዞር ከሆነ «ሲያድግ ይሰማል» ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል የሚወስዱት ወላጆችም ወደ አረርቲ ሆስፒታል ጎራ ቢሉ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ የአንገት በላይ ሐኪሞች ሊላኩ ይችላሉ፤ እምነትና ሕክምና አይጣሉም። መስማት ባይችል እንኳ የምልክት ቋንቋን በጊዜ የጀመረ ልጅ ይማራል፣ ያስባል፣ ሐሳቡን ይገልጻል። እናቲቱንም ከመውቀስ ልጇን ታቅፋ ወደ ሐኪም ስትሄድ አብሮ መሄድ ይሻላል።