የራሷ ስም ያላት ሚስት፣ ስሟ የሌለበት ቢሮ

እኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ ብዙ ነገሯ ይቀየራል። ሰፈሯ ይቀየራል፣ የምትጠይቀው ዘመድ ይበዛል፣ «ወይዘሪት» የነበረችው «ወይዘሮ» ትባላለች። ስሟ ግን አይነካም። የአባቷን ስም ይዛ ወደ ባሏ ቤት ትገባለች፤ የአባቷን ስም እንደያዘች ትወልዳለች፣ ታሳድጋለች፣ ታረጃለች። ይህን እንደ መብት ቆጥረነው እንኳ አናውቅም። የሚገርመን ውጭ አገር ስንሄድ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በትምህርት ቤትና በአውሮፕላን ማረፊያ ባልና ሚስት ለምን የተለያየ ስም እንዳላቸው ሲያስረዱ ምላሳቸው ይደክማል።

ዛሬ የማስታውሳችሁ ሴት እዚያው አሜሪካ፣ ከመቶ ዓመት በፊት፣ እኛ በነፃ ያገኘነውን ይህን ነገር ለማግኘት የታገለች ናት። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን «የሕዝብ ግንኙነት» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበትን ሙያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷም ነበረች። ዶሪስ ፍላይሽማን ትባላለች። ስሟን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ አይፍረድባችሁ፤ ታሪኩም ይኸው ነው።

ዶሪስ የተወለደችው በ1891 ኒውዮርክ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ የሕግ ባለሙያ ነበር። በ1913 ከባርናርድ ኮሌጅ ተመረቀች፤ እዚያም በትምህርቷ ብቻ ሳይሆን በስፖርትም የታወቀች ነበረች። ቀጥላ «ኒውዮርክ ትሪቢውን» ጋዜጣ ገብታ በሴቶች ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች። ኋላም የእሁዱ እትም ረዳት አዘጋጅ ሆነች።

በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ጋዜጠኛ የቦክስ ግጥሚያ ልትዘግብ ትሄዳለች ቢባል ሰው ይስቅ ነበር። ዶሪስ ሄደች። ብቻዋን ግን አልነበረም፤ አባቷ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብሎ አብሯት ሄደ። እስቲ አስቡት፤ ልጅት ማስታወሻዋን ይዛ ትዘግባለች፣ አባት ደግሞ ከጎኗ ተቀምጦ ልጁን ይጠብቃል። ሥራዋን ሰጥተዋታል፣ ሙሉ እምነታቸውን ግን አልሰጧትም። ይህ ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ተከትሏታል።

በ1919 ኤድዋርድ በርኔይስ የሚባል ቀድሞ የምታውቀው ወጣት የራሱን ቢሮ ከፍቶ ጸሐፊ አድርጎ ቀጠራት። «ጸሐፊ» ስል ታይፕ የምትመታ ማለቴ አይደለም፤ ለጋዜጦች የሚላከውን ጽሑፍ የምታዘጋጅ ማለቴ ነው። በርኔይስ የሥነ ልቦናው ሊቅ የሲግመንድ ፍሮይድ የእህት ልጅ ነው። ዛሬ የሕዝብ ግንኙነትን ታሪክ የሚያስተምሩ መጻሕፍት «የሙያው አባት» ይሉታል። አባት ካለው እናትስ የለውም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ገና ሥራ በጀመረች በዓመቱ፣ በ1920፣ ከባድ ኃላፊነት ደረሳት። ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሚባለው፣ ዓመታዊ ጉባኤውን በአትላንታ ከተማ ሊያካሂድ ነበር። አትላንታ በደቡብ ናት። በዚያ ዘመን ደቡቡ ጥቁር ሰው በመንጋ ፍርድ የሚሰቀልበት አገር ነው። ማኅበሩም ጉባኤውን ወደዚያ ሲወስድ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ቀድማ ሄዳ መንገዱን እንድታመቻች የተላከችው ዶሪስ ናት። የከተማውንና የግዛቱን ባለሥልጣናት አነጋገረች፣ ጋዜጠኞቹን ዞረች። ጉባኤው ያለ አንዳች ግርግር ተካሂዶ ተጠናቀቀ፤ የደቡቡ ጋዜጦችም ዘገቡት። የሕዝብ ግንኙነት ማለት ፎቶ ማንሳትና «ክቡር ሚኒስትሩ ተናገሩ» ማለት ብቻ የሚመስለን ካለን፣ ይህን ሥራ ማስታወስ ደግ ነው። ሰው በሰላም ተሰብስቦ በሰላም እንዲበተን ማድረግም የሙያው አካል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1922፣ ዶሪስና ኤድዋርድ በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ሠርጉን በምስጢር ለመያዝ አስበው ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ ወጥተው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ወደተባለው ታዋቂ ሆቴል ሲገቡ ግን ሙሽሪት መዝገቡ ላይ የራሷን ስም አስፈረች። ባል «በርኔይስ»፣ ሚስት «ፍላይሽማን»። በቃ! ነገሩ ወሬ ሆነ። ያገባች ሴት በአባቷ ስም ሆቴል ተመዘገበች ተብሎ በአገሪቱ ብዙ ጋዜጦች ላይ ወጣ። ለእኛ ይህ ዜና ነው ወይ? አንድም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ፊቱን የሚያዞርበት ነገር አይደለም። እዚያ ግን ጉድ ነበር።

አሁን ደግሞ የዚህን ታሪክ አስገራሚ ጎን ልንገራችሁ። የበርኔይስ ቤተሰብ ራሱ ስለ ስም የሚጨነቅ ቤተሰብ ነበር። የኤድዋርድ እህት ሔላ ስታገባ፣ የቤተሰቡ ስም እንዳይጠፋ ተብሎ፣ ባሏ መሪ የራሱን ስም ትቶ «በርኔይስ» ሆነ። ይህ ሰው በኋላ የአሜሪካ ጦር የሕግ ባለሙያ ሆኖ የኑረምበርጉ የናዚ ባለሥልጣናት ችሎት የቆመበትን የሕግ ሐሳብ ከነደፉት አንዱ ነው። እንግዲህ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ አንዱ አማች የሚስቱን ስም ወሰደ፣ አንዷ ምራት የባሏን ስም አልወስድም አለች። ወንዱ ስሙን መቀየር ሲፈልግ ቀየረ። ሴቷ ስሟን ላለመቀየር ስትፈልግ ግን መታገል ነበረባት።

ትግሉን የጀመረችው እሷ ብቻ አይደለችም። ሉሲ ስቶን የተባለች የመብት ታጋይ በ1855 ስታገባ ስሟን አልቀየረችም ነበር። በ1921 ሩት ሔል የተባለች ጋዜጠኛ በዚህችው ሴት ስም ማኅበር አቋቋመች። ሩት በራሷ ስም ፓስፖርት ስትጠይቅ በባሏ ስም ሠርተው ሲሰጧት አልቀበልም ብላ ወደ ፈረንሳይ የምታደርገውን ጉዞ ሰረዘች። ዶሪስም የዚህ ማኅበር ደጋፊ ነበረች። በ1925 ባለቤቷ ለሥራ ወደ ፓሪስ ሲሄድ አብራ ልትሄድ ፓስፖርት ጠየቀች፤ በራሷ ስም ካልሆነ አልወስድም አለች። መሥሪያ ቤቱ ተሸነፈ። ከአሜሪካ ያገቡ ሴቶች መካከል በልጅነት ስሟ ፓስፖርት ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በራሳቸው ስም ተሳፍረው የሄዱ አሜሪካውያት ሁሉ የእሷን መንገድ ነው የተከተሉት።

እስከዚህ ድረስ የድል ታሪክ ይመስላል። ወደ ቢሮው ስንገባ ግን ነገሩ ይቀየራል።

ከጋብቻው በኋላ ዶሪስ የድርጅቱ እኩል አጋር ሆነች። በርኔይስ ራሱ በኋላ ዘመን ይህንን ሲናገር ኖሯል፤ ሐሳቡም፣ ዕቅዱም፣ ጽሑፉም የሁለታችን ነው ይል ነበር። «የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ» የሚለውን የሙያ ስም እንኳ አብረው ነው ያወጡት ይባላል። ድርጅቱ በየጊዜው ለደንበኞችና ለአዘጋጆች የሚበትነውን «ኮንታክት» የተባለ ጽሑፍ የጀመረችው እሷ ናት። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን አንድ ነው፦ ኤድዋርድ በርኔይስ። ከትልልቅ ደንበኞች ጋር ስብሰባ ሲኖር የሚገባው እሱ ነው፤ እሷ አትገባም። ለምን? አንድ ምክር ከሴት አፍ እንደወጣ ከታወቀ፣ የኩባንያው ባለቤት ምክሩን ሳይሆን የተናጋሪዋን ሴትነት ነው የሚመዝነው ብለው ስላሰቡ። እሷም ይህን አምና ተቀብላ ነበር። ሐሳቧ እንዲሰማ ብላ ራሷን ደበቀች።

ስለዚህ አንዲት ሴት፣ የአሜሪካንን መንግሥት «ስሜን ጻፉ» ብላ ያስገደደች ሴት፣ የራሷ ቢሮ በር ላይ ስሟን ሳታጽፍ ኖረች። ይህን ታሪክ ያነበበች የትኛዋም የመሥሪያ ቤት ባለሙያ የምታውቀው ነገር ነው። ንግግሩን የምትጽፈው እሷ፣ የሚጨበጨብለት ሌላው።

በ1928 ሴቶች ምን ምን ሥራ መሥራት እንደሚችሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀች። በየሙያው የሠሩ ሴቶች ስለየራሳቸው ሥራ ጽፈውበታል፤ ስለ ሕዝብ ግንኙነት የጻፈችው ራሷ ናት። በ1929 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ስሟንም ዶሪስ አለቻት፤ በራሷ ስም ማለት ነው። በዓመቱ ሁለተኛዋ፣ አን፣ ተወለደች።

ያው 1929 ሌላ ነገርም የሆነበት ዓመት ነው። የበርኔይስ ቢሮ ለአንድ የሲጋራ ኩባንያ ይሠራ ነበር። በፋሲካ ዕለት በኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ወጣት ሴቶች ሲጋራ እያጨሱ እንዲሄዱ ተደረገ። ሲጋራው «የነፃነት ችቦ» የሚል ስም ተሰጠው። የሴቶች የመብት ጥያቄ ለሲጋራ መሸጫ ዋለ። የሙያው መማሪያ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይህን እንደ ትልቅ ምሳሌ ያነሱታል፤ አንዳንዶቹ በአድናቆት፣ አንዳንዶቹ በኀፍረት።

ዶሪስ ራሷ አጫሽ ነበረች። ሴቶች ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ አባታቸው የእናታቸውን ሲጋራ ባገኙበት ሁሉ እየሰበሩ ሽንት ቤት እንዲጥሉ ያዛቸው እንደነበር ልጅየዋ ካደገች በኋላ ተናግራለች። ለሌላው ሰው ሚስት የሸጠውን ለራሱ ሚስት አልተመኘም። ይህን የምጽፈው ሰውዬውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ሁሉ አንድ መመዘኛ ስለሚሰጠን ነው፦ ቤቴ እንዲገባ የማልፈልገውን ነገር ለሌላው ቤት አስተዋውቃለሁ ወይ?

በ1949 ዶሪስ በአንድ መጽሔት ላይ ደጋፊዎቿን ያስደነገጠ ጽሑፍ አወጣች። የርዕሱ ትርጉም «ጡረታ የምትወጣ የሴቶች መብት ተሟጋች ማስታወሻ» እንደማለት ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ስለ ስሟ ስታስረዳ ኖራ ደከማት። «ወይዘሪት» ተብላ ሁለት ልጅ ይዛ ስትገኝ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ በየበዓሉና በየግብዣው የሚፈጠረው ግራ መጋባት፣ አሰለቻት። ከእንግዲህ ወይዘሮ በርኔይስ በሉኝ አለች። ስንቱ ፈረደባት! እኔ ግን ሳነበው የተሰማኝ ሐዘኔታ ነው። ከመንግሥት ጋር መታገል አንድ ጊዜ ታሸንፋለህ፣ ያልቃል። ከጎረቤት፣ ከአስተማሪ፣ ከሆቴል እንግዳ ተቀባይ ጋር የሚደረገው ክርክር ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ይጀመራል።

በ1955 ሌላ መጽሐፍ ጻፈች፤ «ሚስት ማለት ብዙ ሴት ናት» እንደማለት ነው ርዕሱ። ሚስት፣ እናት፣ የቤት አስተዳዳሪ፣ አስተናጋጅ፣ ሠራተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ሰውነት መሸከም ምን እንደሚመስል ጻፈችበት። ጠዋት የልጆች ምሳ ዕቃ ቋጥራ፣ ቀን ስብሰባ ውላ፣ ማታ ወጥ ቤት የምትገባ የአዲስ አበባ እናት ርዕሱን ብቻ ሰምታ ራሷን ትነቀንቃለች። በእርግጥ ዶሪስ በቤቷ ውስጥ ሠራተኞች ነበሯት፤ ከብዙዎቻችን እናቶች ሸክም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጥያቄዋ ግን አንድ ነው፦ ይህ ሁሉ ሥራ ስለምን እንደ ሥራ አይቆጠርም?

ባልና ሚስቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ተዛወሩ። ዶሪስ እዚያው በ1980 አረፈች። ኤድዋርድ ከእሷ በኋላ ብዙ ኖረ፤ በ1995 በ103 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት «ላይፍ» መጽሔት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን 100 ተጽዕኖ ፈጣሪ አሜሪካውያን አንዱ ብሎ መርጦታል። ዝርዝሩ ውስጥ እሷ የለችም። ታሪክ የበሩን ሰሌዳ ነው ያነበበው።

ታናሽ ልጇ አን ደራሲ ሆነች። ስታገባም በልጅነት ስሟ፣ አን በርኔይስ ተብላ፣ መጻፏን ቀጠለች። እናት በትግል ያገኘችውን ልጅ ያለ ትግል ወረሰች ማለት ነው። ልብ በሉ ግን፣ ልጅየዋ የያዘችው የአባቷን ስም ነው። የእናቷ ስም እዚህም አልተገኘም።

እዚህ ላይ እኛም ራሳችንን እንድናይ እፈልጋለሁ። የእኛ ሴት ስሟን ለባሏ አትሰጥም ብለን ኮርተናል። እውነት ነው፣ ያስኮራል። ነገር ግን የምትወልዳቸው ልጆች ከስማቸው ቀጥሎ የሚጠሩት አባታቸውን፣ ቀጥሎም የአባታቸውን አባት ነው። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው፣ ሌሊት የተነሣችው፣ ከደመወዟ ቀንሳ ያስተማረችው እናት በሰነዳችን ላይ የምትገኘው አንድ ቦታ ነው። ቅጽ ስንሞላ «የእናት ሙሉ ስም» የምትለዋ መስመር ላይ። ብዙዎቻችን እዚያ ስንደርስ የእናታችንን አያት ስም ረስተን ስልክ እንደውላለን።

እናቶቻችን በሕይወት እያሉ እንጠይቃቸው። የት ተማሩ፣ ምን መሥራት ይፈልጉ ነበር፣ የትኛውን ሥራ ሠርተው ሌላው ተመሰገነበት? በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ጽሑፉን የጻፈችውን፣ ዕቅዱን ያወጣችውን ሴት ስሟን ጠርተን እናመስግን። ለዚህ ፓስፖርት ክፍል መሄድ አያስፈልግም። ስሟን በሩ ላይ መጻፍ ብቻ ነው።