ተጨማሪ መረጃ፦ የቡና ቅጠል ሕዋሳት እንዴት ይገናኛሉ?

ሁሩሙን ጨምሮ የተወሰኑ የኢሉ አባቦር ወረዳዎችን የሚነካው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። በዚያ ደን ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው የቡና ቅጠል ሕዋሳት እያንዳንዳቸው በሴሉሎስ ግንብ የታጠሩ ስለሆኑ ተነጣጥለው የሚኖሩ ሊመስለን ይችላል። ግን አይደለም። ቅጠሉ የሠራው ስኳር ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ተሻግሮ ወደ ፍሎየም ይደርሳል፤ ከዚያም ፍሬውን ይመግባል። መሻገሪያው ፕላዝሞዴስማታ ይባላል። ኤድዋርድ ታንግል እ.ኤ.አ. በ1879 በዘር ሕዋሳት መካከል ያያቸው እነዚህ ቀዳዳዎች ስፋታቸው በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ናኖሜትር ነው። የሕዋሱ ሽፋን ሳይቋረጥ በውስጣቸው ያልፋል፤ በመካከላቸውም የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ቀጭን ክር ተዘርግቷል።

«ሕዋሳቱ እንዲህ ከተያያዙ በሽታም ሁሉንም አያዳርስም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም መተላለፊያው ሁልጊዜ ወለል ብሎ የተከፈተ አይደለም። ተክሉ ሲጎዳ ወይም በተሕዋስያን ሲጠቃ ካሎስ የተባለ ንጥረ ነገር በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ይከማችና ያጠበዋል። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ ግን ከራሳቸው ከቫይረሶች የሚገኘው ነው፤ ብዙ የዕፅዋት ቫይረሶች ቀዳዳውን የሚያሰፋ ልዩ ፕሮቲን የሚያሠሩት ያለዚያ ማለፍ ስለማይችሉ ነው። የእንስሳት ሕዋሳት ግንብ ባይኖራቸውም ተመሳሳይ ሥራ በጋፕ ጃንክሽን ይሠራሉ። የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ተናብበው የሚመቱት አየኖች በዚሁ መስመር ስለሚያልፉ ነው። ፕላዝሞዴስማታን አጥርቶ የሚያሳየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ ስለዚህ በቤተ ሙከራ የቅጠል ሕዋስ ስትስሉ ባይታያችሁም በግንቡ ላይ ምልክት አድርጉላቸው።