ፌስታል የሚፈራው ዳማ

ጥር ሲቃረብ በረቴ በሰው ፈረስ ይሞላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ በዓሉ በደረሰ ቁጥር ደግሞ «ይህን ደንባራ ይግሩልኝ» ብሎ ገመድ የሚያቀብለኝ አይጠፋም።

ዘንድሮ ከመጡት አንዱ መልከ መልካም ዳማ ነው። ባለቤቱ በከተማ የሚነግድ ወጣት ነው። ፈረሱ ፌስታል ባየ ቁጥር እየበረገገ ሁለቴ ጥሎታል። «ጋሼ፣ ሽምጥ እየጋለቡ ያድክሙልኝ፤ ሲደክመው ልብ ይገዛል» አለኝ። የደከመ ፈረስ ልብ አይገዛም፣ ይደክማል እንጂ። በማግስቱ ገብሱን በልቶ ሲነሣ ፍርሃቱም አብሮት ይነሣል። ኮርቻውን ተቀብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩትና በመጀመሪያ የፈረሱን ጀርባ ዳበስኩ።

ይህችን ማንም ባይዘላት እወዳለሁ። ደንባራ ተብለው ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ናቸው፤ ጀርባቸው ገጣባ የሆነ፣ የመንጋጋ ጥርሳቸው ሾሎ ጉንጫቸውን የሚወጋ፣ ልጓም አፋቸውን የላጠው። እነዚህን መጀመሪያ ማሳከም ነው። ዳማው ግን ጀርባውም አፉም ደህና ነበር።

ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ ያደገው በመሸሽ ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ አንገቱን ሳያዞር ከ360 ዲግሪው ወደ 350 የሚጠጋውን ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት አጠገቡ ያለውንና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። ሰው ደግሞ አመል ሆኖበት እዚያችው ዓይነ ስውር ቦታ ላይ ይመጣል። እጁን ዘርግቶ ግንባሩን ሊዳብስ ይሞክራል፣ ፈረሱ አንገቱን ወደ ላይ ሲወረውር «አመለኛ!» ይለዋል። እኔ የምጠጋው ከትከሻው በኩል፣ እያወራሁ ነው። የማወራው ምንም ይሁን ምን፣ የት እንዳለሁ ከድምፄ ያውቃል።

ሥራው ሁሉ ከመሬት ነው። ልጓም የለም፤ አፍ የማይነካ የራስ ማሰሪያና ረጅም ገመድ ይበቃል። (ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ፈረስ ሲፈረጥጥ ጣት ይዞ ይሄዳል።) ከፊቱ ገለል ብዬ ቆሜ ገመዱን በቀስታ አወዛውዛለሁ፤ የምጠይቀው አንዲት እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ዳማው መጀመሪያ አንገቱን አገተረ። ቀጠልኩ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ክብደቱን ወደ ኋላ መለስ ሲያደርግ፣ ገና እግሩን ሳያነሣ፣ እጄን ጣል አደረግሁ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፈረስ ትምህርቱን የሚይዘው ግፊቱ በቆመባት ቅጽበት ነው። እጅህን የለቀቅኸው በሁለት እግሩ በቆመበት ሰዓት ከሆነ መቆምን አስተማርኸው፤ ሰውነቱን ባላላበት ሰዓት ከሆነ መላላትን። ብዙ ሰው የሚጎትተውን ያህል መልቀቅ አይችልበትም።

ቀጥሎ የኋላ እግሮቹን ማዞር አለ። ከጎኑ ቆሜ ዳሌው ላይ ትኩር ብዬ አያለሁ፣ ካልገባው የገመዱን ጫፍ ወደዚያ አወዛውዛለሁ፤ አንዱን የኋላ እግር ከሌላው ፊት አቋርጦ ይዞራል። ፈረስ የሚፈረጥጠው በኋላ እግሮቹ ገፍቶ ስለሆነ፣ እግሩ ሲቆላለፍ ያ ጉልበት ይበተናል። ከዚያ በኋላ ሲደነብር የምይዝበት ነገር አለኝ።

ፌስታሉን ያወጣሁት ይህ ሁሉ ከገባው በኋላ ነው። የበረቱ ልጆች እንጨት ላይ አስረን ጭራው ላይ እናንጠልጥልለት፣ ይለምደዋል አሉ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ማለት ይኸው ነው። እንዲህ የተደረገ ፈረስ አንዳንዴ በመጨረሻ ዝም ብሎ ይቆማል፤ አፉ ተገጥሞ፣ ዓይኑ ፈጥጦ። ባለቤቱ ተገራ ይላል። ተስፋ ቆርጦ እንጂ አምኖ አይደለም፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ጀርባው ላይ ሳለ ይፈነዳል።

እኔ ፌስታሉን በረጅም ዱላ ጫፍ አስሬ ዳማውን እየሳብኩ፣ ፌስታሉን ከፊቱ እያራቅሁ ሄድኩ። የሚሸሽ ነገር አያስፈራም። ትንሽ ቆይቶ ጆሮዎቹን ቀስሮ ይከተለው ጀመር፣ አፍንጫውን ዘረጋ፣ አሸተተው፣ እፍ አለ። ያኔ ቆምኩ፣ ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅሁት። ከዚያ ወደ ትከሻው አስጠጋለሁ፤ ጡንቻው ሲወጠር እዚያው አቆያለሁ፣ ሲላላ አነሣለሁ። ግራው የለመደውን ቀኙ እንደለመደው አልቆጥርም፤ በቀኝ በኩል ሁሉንም እንደ አዲስ እጀምራለሁ።

በየመሀሉ ጋማው የሚያልቅበትን፣ ከትከሻው በላይ ያለውን ጉብታ አክክለታለሁ። ፈረሶች እርስ በርስ በጥርሳቸው የሚተካከኩት እዚያ ነው፣ እዚያ ሲታከኩ የልብ ምታቸው ዝቅ እንደሚልም በጥናት ታይቷል። ዳማው የታች ከንፈሩን ጥሎ አንገቱን ሲያወርድና አንድ የኋላ እግሩን ሲያሳርፍ ደስ አለኝ። ምላሱን ላሰ ብሎ ብቻ ግን «ገባው» ማለት ችኮላ ነው፤ ከጭንቀት ገና እየወጣ ያለም ይልሳል።

ቁጣ ይዞ በረት መግባት አይሆንም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው የፈረስ መጽሐፍ፣ ፈረስን በንዴት መያዝ እንደማይገባ አስቀምጦታል፤ እኔም የተናደድኩ ቀን እበት ጠርጌ እመለሳለሁ።

ዳማው አሁን ፌስታል ሲነፍስ ጆሮውን አዙሮ ያያል፣ እግሩ ግን አይነቃነቅም። ዣንጥላ በቀኝ በኩል ሲዘረጋ ገና ይሸሻል። ባለቤቱ ትናንት መጥቶ «ለጥር 23 ይደርሳል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ልጄ፣ ዘንድሮ በእግርህ ሄደህ በዓሉን እይ» አልኩት። የዚያን ሁሉ ሰው ግርግር፣ ባንዲራውንና የድምፅ ማጉያውን ገና አልሞከርነውም። ፊቱ ጠቆረ፤ ያም ሆኖ ሲሄድ ገመዱን ተቀብሎ፣ ዳማውን በትከሻው በኩል እያወራው እስከ ውኃው ወሰደው።