ስቴንት ገብቶም ደም ሳይደርስ ሲቀር

በሃርት አታክ የተዘጋ የኮሮናሪ ቧንቧ በባሉን ተከፍቶ ስቴንት ከገባለት በኋላም ደሙ ወደ ልብ ጡንቻው ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የልብ ሐኪሞች ይህን «ኖ ሪፍሎው» ይሉታል። በየቤቱ የሚወራው ግን «ስቴንቱ ተበላሽቶ ነው»፣ «ሐኪሙ በደንብ ሳይከፍተው ቀርቶ ነው» እየተባለ ነው። ይህ ወሬ መታረም አለበት። ስቴንት በረጋ ደም ሊዘጋ መቻሉ እውነት ነው፤ በኖ ሪፍሎው ጊዜ ግን ትልቁ ቧንቧ ክፍት ነው፤ ችግሩ ያለው ከእሱ በታች ነው። የሰፈሩ ዋና የውሃ መስመር ተጠግኖ የየቤቱ ቧንቧ በደለል ከተሞላ ባልዲ አይሞላም።

ሮበርት ክሎነርና ባልደረቦቹ ክስተቱን በውሻ ልብ ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ቧንቧው ለ40 ደቂቃ ታስሮ ሲፈታ ደሙ ወደ ጡንቻው ተመለሰ። ለ90 ደቂቃ ታስሮ ሲፈታ ግን በደም በኩል የተሰጠው ቀለም የጡንቻውን ውስጠኛ ክፍል ሳይነካው ቀረ።

ምክንያቱ ካፒላሪ በሚባሉት እጅግ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ውስጥ ይገኛል። ቀይ የደም ሴል 8 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ካፒላሪው ከዚያ እምብዛም ስለማይሰፋ ሴሉ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ተጣጥፎ ነው። ኦክስጅን ሲቋረጥ የካፒላሪው የውስጥ ሽፋን ሴሎች ያብጣሉ፤ እንደ አረፋ ያሉ እብጠቶችም አውጥተው መተላለፊያውን ያጠባሉ። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም፤ ደሙ ራሱ ሲመለስ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከተጎዳው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው መንገድ ይዘጋሉ፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ይከማቻሉ። ባሉኑ የጨፈለቀው የረጋ ደምና የስብ ክምችት ፍርፋሪ ወደ ታች ይወርዳል። ትንንሾቹ የደም ቧንቧዎች ይኮማተራሉ፤ ውሃ የቋጠረው ጡንቻ ደግሞ ካፒላሪውን ከውጭ ይጫነዋል። ጉዳቱ ሲከፋ የካፒላሪው ግድግዳ ተቀዶ ደም ወደ ጡንቻው ይፈስሳል።

የደም ቧንቧን በኤክስሬይ በሚያሳየው አንጂዮግራፊ የደሙ ፍሰት ቲሚ በሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 3 ይመደባል፤ 3 መደበኛው ፍሰት ነው። ይሁን እንጂ አንጂዮግራፊ ካፒላሪን ስለማያሳይ 3 ያገኘ ሕመምተኛም በኤም አር አይ ሲታይ ደም ያልደረሰው ጥቁር ቦታ ሊገኝበት ይችላል። ስለዚህ የክስተቱን መጠን በመቶኛ የሚጠቅስ ሰው በምን እንደተለካ አብሮ መናገር አለበት።

ሕክምናው ገና አከራካሪ ነው። አዴኖሲን፣ ቬራፓሚልና ኒትሮፕሩሳይድ በካቴተር በቀጥታ ወደ ኮሮናሪው ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ፍሰቱ በምስል ላይ ይሻሻላል። ዕድሜ ማራዘማቸው ግን አልተረጋገጠም። የረጋውን ደም መጦ ማውጣት ታፓስ በተባለው የ2008 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። ከ10,000 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ቶታል የተባለው የ2015 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ግን ለሁሉም ሕመምተኛ መደረጉ ሞትን እንደማይቀንስ፣ ስትሮክን ግን እንደሚጨምር አሳየ። የረጋው ደም ብዛት ሲኖረው መምጠጥ ይጠቅም እንደሆነ ሐኪሞች አሁንም ይከራከራሉ።

ቧንቧው ቶሎ ሲከፈት ጉዳቱ እንደሚያንስ ግን አያከራክርም። ደረቱን አፍኖ የያዘው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድበት፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቀው ሰው እስኪነጋ ሳይጠብቅ ሆስፒታል ይድረስ።