የባቡር ጋቢና በሾፌር ፈቃድ አይገባም

ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ላይ ጋቢና መጠየቅ ነውር የለውም። የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ በሚገነጠልበት ቦታ ሩዝ የጫነ ኤፍኤስአር ወይም ከደረቅ ወደቡ የወጣ ተሳቢ ሲቆም፣ መንገደኛው ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ «ሾፌር፣ እስከ ደብረ ታቦር ቦታ አለህ?» ይላል። መልሱ የሾፌሩ ነው። እሺ ካለ ረዳቱ ፈቀቅ ይላል፣ እንግዳው ይሳፈራል። ባቡር የሚወድ የፎገራ ልጅ ሞጆ ወርዶ የጭነት ባቡር ቆሞ ቢያገኝ በዚሁ ልማድ መጠየቁ አይቀርም። እዚያ ግን ሾፌሩ እሺ የማለት ሥልጣን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም።

ፎገራ ሜዳ ሐዲድ አልደረሰውም። በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወልድያ የሚደርስ መስመር ተሥሏል፤ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሃራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ደግሞ ተዘርግቶ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ ትልቁን የጭነት ሎኮሞቲቭ ሥራ ላይ ማየት የፈለገ ወደ አዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር መሄድ አለበት። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። የጭነት ሎኮሞቲቮቹ ቻይና ሠራሽ ናቸው፤ ከ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ኃይል ይወስዳሉ፣ እያንዳንዳቸው 7,200 ኪሎ ዋት አቅም አላቸው። ለፎገራ ገበሬ የሚመጣው ማዳበሪያ የሚራገፈው ጅቡቲ ነው፤ ከጅቡቲ ማዳበሪያ ከሚያመላልሱት መካከልም እነዚህ ባቡሮች ይገኛሉ። ወረታ ላይ ግን ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

በጋቢናው ውስጥ መሪ የለም፤ አቅጣጫውን የሚወስነው ሐዲዱ ነው። የሾፌሩ ሥራ ሌላ ነው፦ ምልክት ያነብባል፣ ዳገትና ቁልቁለቱን አስቀድሞ ያሰላል፣ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ጋር በሬዲዮ ይነጋገራል፣ ፍሬኑን በልክ ይይዛል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ እስከ ባሕር ዳርቻ በሚወርድ መስመር ላይ ከመጎተት ይልቅ ማቆም ይከብዳል። ቆላው ላይ ግመልና ከብት ሐዲድ ውስጥ ይገባሉ። ሐዲዱን አቋራጭ መንገድ ያደረገ እግረኛም ባቡሩ አይቶኝ ይቆማል ብሎ ይተማመናል፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው፤ ሙሉ ጭነት የያዘ ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይንሸራተታል። በዘመናዊ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ሾፌሩ ንቁ መሆኑን በየጊዜው የሚያሳውቅበት ፔዳል ወይም ቁልፍ አለ። ካልነካው ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ያንንም ዝም ካለው ባቡሩ ራሱ ይቆማል።

ፔዳሉ ግን የሾፌሩን እግር ወይም እጅ እንጂ ሐሳቡን አይቆጣጠርም። ይህን ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻትስዎርዝ በተባለ ስፍራ መስከረም 2 ቀን 2001 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ በግልጽ ያሳያል። ሜትሮሊንክ የተባለው ድርጅት የመንገደኞች ባቡር ቀይ ምልክት አልፎ ነጠላ ሐዲድ ውስጥ ገባና ከፊቱ ከሚመጣ የጭነት ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ፤ ሾፌሩን ጨምሮ 25 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች የስልኩን መዝገብ ሲመለከቱ ሾፌሩ የመጨረሻውን አጭር መልእክት የላከው ከግጭቱ 22 ሰኮንድ በፊት መሆኑን አገኙ። መልእክቱን የሚለዋወጠው ባቡር ከሚወድ ታዳጊ ጋር ነበር። ከዚያ በፊት ባቡር ወዳጆችን ጋቢና አስገብቷል፤ የዚያን ዕለት ማታም ልጁ ራሱ እንዲነዳ ሊያደርግ አስቦ ነበር።

ልጁ ክፋት አላሰበም። ሾፌሩም ሥራውን የሚወድ ልጅ ስላገኘ ደስ ብሎት ይሆናል። ሁለቱም ግን ቢሮ ሊጠየቅ የሚገባውን ፈቃድ በግል ጨረሱት። ከአደጋው በኋላ በሳምንታት ውስጥ የአሜሪካ የባቡር አስተዳደር በሥራ ላይ ያሉ ሾፌሮች ስልክ እንዳይጠቀሙ በአስቸኳይ ትእዛዝ ከለከለ። ሾፌር ጆሮ ሥር ቆሞ «አንዴ ብቻ» እያለ የሚለምን ወይም ብር የሚያሳይ ሰው ይህን ታሪክ ቢያውቅ እጁን ይሰበስብ ነበር።

ፍላጎቱ ራሱ ግን የሚነቀፍ አይደለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ አንዳንድ የባቡር ድርጅቶች የጋቢና ጉዞን በቀጠሮና በክፍያ ይሸጣሉ። በብሪታንያም በጋቢና የሚሄድ ሰው የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት። ከእነዚህ መማር ይቻላል፤ የእኛም ወጣት ጥያቄውን በክብር ያቅርብ።

የፈቃድ መጠየቂያው ደብዳቤ የሚጻፈው ባቡሩን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ለጥናት ይሁን ለፎቶግራፍ፣ ከየት እስከ የት መጓዝ እንደሚፈልግ ይግለጽ፤ ረዥሙን መንገድ ሁሉ ከመጠየቅ አጭር ክፍል ይምረጥ። በጉዞው ሾፌሩን ላለማናገርና ስልኩን ለማጥፋት በጽሑፍ ቃል ይግባ። የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ድጋፍ ደብዳቤ ቢያያይዝ አይጎዳውም። ጋቢናው ባይፈቀድለት የቆመ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ገብቶ ማየት ይጠይቅ፤ ለባቡሩም ለሾፌሩም አደጋ የለውም። ወይም ከፉሪ ለቡ በመንገደኞች ባቡር ድሬዳዋ ይውረድ። እዚያ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ከባሕር ያገናኘው የቀድሞው ምድር ባቡር ግቢ አሮጌ ሎኮሞቲቮቹንና የጥገና ማሽኖቹን ይዞ ይገኛል፤ እሱንም ለማየት መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል።